የአባዬ ተረቶች ፎልደር

ባሏ ጉሮሮው በቀዶ ሕክምና ተቀዶ ድምፁ ከመጥፋቱ በፊት በቀረችው ጊዜ ለሴት ልጁ ተረት በስልኩ ሲቀዳ ከረመ። አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ የጅቡንም የዝንጀሮዋንም ድምፅ እያስመሰለ፣ ሳሉ ሲያቋርጠው ራሱ እየሳቀ። እሷ የውሃ ጥራት መርማሪ ናት፤ የተዝረከረከ ነገር ሲያዩ ደማቸው ከሚፈላ ሰዎች ወገን። ሁሉንም ከስልኩ አውጥታ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ ካለው ማከማቻ ከክላውድ ጋር በሚመሳሰለው ፎልደር ውስጥ ከተተችው። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ እዚያ አለ ብላ ልቧ አረፈ።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ሞልቶ ይንቀራፈፍ ጀመር። እሷ ደግሞ ልጅቷን አያቷ ዘንድ አድርሳ ለረጅም ሥልጠና ልትሄድ ሻንጣ እያዘጋጀች ነው። ይሄኔ የባሏ ታላቅ ወንድም አዲስ ሃርድ ዲስክ ይዞ ከተፍ አለ። ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ ቤተሰቡ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶታል። ፎልደሩን ወደዚህ ላዛውርልሽ አላት።

«ጋሼ፣ አደራ፣ ዝም ብለው በእጅዎ እንዳይጎትቱት» አለችው። «መጀመሪያ ማመሳሰሉን ያቁሙት። ቦታውን ከራሱ ከፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ይቀይሩት። እዚያ የደረሰውን ከፍተው ሳያዩ እዚህ ምንም አያጥፉ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ኮምፒውተር ልታስተምሪኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። ባሏም ሳቀ፤ ያው፣ ያለ ድምፅ፣ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ።

ከሥልጠናው ቦታ ደወለች። «አታስቢ፣ አልቋል» አላት ጋሼ። ልቧ አላምን ሲላት ለባሏ ጻፈችለት። «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ መለሰላት። ከዚህ ወዲያ ማንን ትጠይቅ? አመነች።

ስትመለስ ልጅቷ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «የአባዬን ዝንጀሮ ክፈችልኝ» አለች። ፎልደሩን ከፈተች፤ ባዶ ነው። አዲሱ ዲስክ ላይ የቢሮ ሪፖርቶቿ ተደርድረዋል፤ ተረት የሚባል ግን የለም። ክላውዱ ውስጥ ገባች፤ እዚያም የለም። በመጨረሻ የክላውዱን ቆሻሻ መጣያ አየች። የተሰረዘ ነገር እዚያ አንድ ወር ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይመልሰውም። እሷ ከሄደች ደግሞ ወሩ አልፏል። ልጅቷን መኝታ ቤት አስገብታ ጋሼን ጠራችው።

መጣ። ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ራሱን አከከ። «ኮፒው መሀል ላይ ቀጥ አለብኝ» አለ። «ለማንኛውም ክላውድ ላይ አለ ብዬ የኮምፒውተሩን አጠፋሁት።»

«ማመሳሰሉን ሳታቆም?» አንቱታው ከአፏ ወድቋል።

«እዚህ ያጠፋሁት እዚያም ይጠፋል ብዬ በምን ልወቅ!»

«ነግሬህ ነበራ! እሺ፣ ይሁን፣ አጠፋህ። ሰው ነህ። ምነው በማግስቱ ብትነግረኝ? ያለሁበት ቁጭ ብዬ በስልኬ እመልሰው ነበር እኮ! ወር ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ነበር!»

«ምን እኔን ብቻ ታፋጥጪኛለሽ?» ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ። «እሱም ያውቃል። የዚያኑ ቀን ነው የነገርኩት።»

ዞረች። ባሏ ወንበሩ ላይ አቀርቅሯል።

«አንተ? እኔ ጽፌ ስጠይቅህ? አፍ ባይኖርህ እጅ አልነበረህም?»

ስልኩን አነሳ። ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈና ዘረጋላት። «ታላቄ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው። ፊትሽ እንዲዋረድ አልፈለግኩም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስልኩን ጭኑ ላይ ጣለችለት። ጋሼ ቁልፉን እየፈለገ ነው፤ ሊወጣ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። «ተገኘ?» አለች ልጅቷ።

«አባትሽን ጠይቂው» አለቻትና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ልጅቷ ሄዳ አባቷ ጉልበት ላይ ወጣች፤ አፉን አፉን እያየች ጠበቀች።