ነጭ ሲሚንቶ በካልሲ

ሴራሚክ አንጣፊው እጀ ወርቅ ነው፤ እሱ ያነጠፈው ወለል ላይ እንቁላል ቢያስቀምጡ አይንከባለልም። ችግሩ እግሩ ነው። ጠዋት ታጥቦ የወጣው እግር እኩለ ቀን ሳይሞላ ጫማው ውስጥ በላብ ይዋኛል፤ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ የቤቱ ዝንብ እንኳ ሌላ ሰፈር ይፈልጋል።

ያን እሁድ የእጮኛውን አባት ሊተዋወቅ ነው። እሳቸው እሺ ካላሉ ጋብቻ የሚባል ነገር እንደሌለ ልጅቷ ቁርጡን ነግራዋለች። ይባስ ብሎ ሰውየው ጫማ ሰፊ ናቸው፤ ቤታቸው የሚገባውም ጫማ በር ላይ ወልቆ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ፋርማሲ ይሄዳል። እሱ ግን የሚያምነው ሙያውን ነው። ነጭ ሲሚንቶ እርጥበት ሲመጥ ስንቴ አይቷል! «ለአንድ ቀን ምን ያመጣል?» አለና አንዳንድ እፍኝ ካልሲዎቹ ውስጥ ነስንሶ፣ በዚያ ፀሐይ በእግሩ መንገድ ጀመረ።

አይ ብልሃት! ሲሚንቶው በርግጥ ላቡን ጠጣ፤ ጠጥቶም ጠጠረ። በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው የእግሩን ቅርፅ ይዞ ደርቋል። ሲራመድ ቋ፣ ቋ ይላል። ሽታው የትም አልሄደም፤ ጭራሽ ማቃጠል ተጨመረበት።

እግሩን ወንበር ስር ደብቆ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ላብ ይንቆረቆራል።

«ምን ሆነሃል ልጄ?» አሉ ጫማ ሰፊው።

«ወለም ብሎት ነው አባባ!» ብላ ልጅቷ ጥልቅ አለች።

ጥሩ ማምለጫ ነበር። እሱ ግን አፈረ፤ ደግሞም ማቃጠሉን አልቻለውም።

«አይደለም ጋሼ። እግሬ ይሸታል። እንዳይሸትዎት ብዬ ሲሚንቶ ነሰነስኩበት፤ አሁን እያቃጠለኝ ነው።»

ሽማግሌው ዘለው ተነሱ። እየጎተቱ መታጠቢያ ቤት አስገብተውት፣ ቧንቧውን ለቀው፣ ካልሲውን በቆዳ መቀሳቸው ቀደው አወጡለት። እግሩ ቲማቲም መስሏል። ውሃው ሲወርድ ሽማግሌው እግሩን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንጣፊው «በቃ፣ አለቀልኝ» አለ በልቡ።

«ስንት ጫማ አለህ?» አሉ በመጨረሻ።

«ያው አንድ ብቻ ነው ጋሼ፤ እሱኑ ነው የማደርገው።»

«በየቀኑ? ታዲያ መቼ ይድረቅ? ሁለተኛ ግዛና እያፈራረቅህ አድርግ።» ቧንቧውን ዘጉ። «ሠላሳ ዓመት ጫማ ሰፋሁ። የሚሸት ጫማ ያመጣ ሁሉ ‹የወንድሜ ነው› ይለኛል። ‹የኔ ነው› ያለኝ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ምን ትገተሪያለሽ? መስኮቱን ክፈቺ እንጂ! ባልሽ ነው፣ ትለምጂዋለሽ።»