መዶሻው ካረፈ በኋላ

ዴልበርት የተጫራች ካርዱን ብድግ ሲያደርግ አጫራቹ "ሰባ ሺህ ዶላር" ብሎ ተቀበለው። መድረኩ ላይ የቆመችው ቀይ የሃምሳ ሰባት ሞዴል ሼቭሮሌት መኪና ነች። ዴልበርት በወጣትነቱ አባቱ ሲታመሙበት፣ ለትራክተር መግዣ ብሎ እንዲህ ያለችውን ሸጦ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

አጠገባቸው ኦቾሎኒ የሚበላ አንድ ሽማግሌ ወደ ዴልበርት ሚስት ወደ ላቮን ዞረ። "ባልሽ ደፋር ነው። ከኮሚሽኑ ጋር ሰባ ሰባት ሺህ ገባ ማለት እኮ ነው።"

"የምን ኮሚሽን?"

"ገዢ አሥር በመቶ ይጨምራላ። አልነገሯችሁም?"

ላቮን ክው አለች። እነሱ ዕድሜ ልካቸውን የገዙት አዮዋ ውስጥ በእርሻ ዕቃ ጨረታ ነው። እዚያ መዶሻው ያረፈበት ዋጋ መጨረሻው ነው፤ ኮሚሽን የሻጭ ዕዳ ነው። ባንኩ ቤታቸውን ይዞ ያበደራቸው ሰባ ሺህ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሌላ ቤሳ ቤስቲን የላቸውም።

ባሏ ካርዱን የያዘበትን እጅ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። "ዴል፣ ሰባት ሺህ ይጨምሩብናል። ከየት ልናመጣ ነው?"

የዴልበርት ፊት አመድ መሰለ። "ማን አለ?"

"ማንም ይበል። የሚበልጠን ሰው ካልመጣ ቤታችን አለቀለት።"

አንዴ የተጠራ ዋጋ አይመለስም። አጫራቹ አዳራሹን ቃኝቶ መዶሻውን አነሳ። ያኔ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ ሰባ ሁለት ሺህ።

"ተመስገን" አለች ላቮን። "ተነስ እንሂድ።"

በተጫራቾች መሃል እየዞረ ዋጋ የሚያስጨምር አንድ ባለ ሰፊ ባርኔጣ የአጫራቹ ረዳት ግን ቀደማት። ይህ ሰው ደመወዝ የሚበላው የሰው ልብ መቼ እንደሚሸነፍ ስለሚያውቅ ነው። ዴልበርት ፊት በርከክ ብሎ ትከሻውን ያዘው።

"አለቃ፣ ያ ሰውዬ ደክሟል፤ ዓይኑን አይቼዋለሁ። አንዲት ጭማሪ ብቻ ጣል አድርግና ይዘሃት ትሄዳለህ።"

"ጨርሰናል" አለችው ላቮን።

"እሱን ነው የጠየቅኩት፣ እመቤቴ።" ፈገግታው አልጠፋም። "እንዲህ ዓይነቷን ሌላ ጊዜ የት ታገኛታለህ? ለመሆኑ ዕድሜህ ስንት ነው?"

ዴልበርት መኪናዋ ላይ እንደፈዘዘ ነው። ላቮን አብራው ያረጀችውን ሰው ፊት አየች፤ ፈራችው።

"ዴል፣ ቤቱ" አለች በለሆሳስ።

"ሰምቻለሁ" አላት፤ ካርዱን የያዘበትን እጁንም ከእጇ ቀስ አድርጎ አወጣ።