የፊታውራሪ ሁለተኛ ዓይን

ከሥዕሉ ላይ መጋረጃው ሲገለጥ ወይዘሮ በቀለች ደረታቸውን ያዙ።

"በስመ አብ! የባሌ ሌላው ዓይን የት ሄደ?"

የዳሱ ጫጫታ ቀጥ አለ። ለአዲሱ ቤት ምረቃ የተጠሩት የአሰላ ሹማምንትና ነጋዴዎች ቁርጣቸውን እንደያዙ አንገታቸውን አሰገጉ። በሸራው ላይ ፊታውራሪ ሣህሌ ወደ ጎን ዞረው የጭላሎን ተራራ ይመለከታሉ። ግንባራቸው ሰፊ፣ አፍንጫቸው እንደ ገደል አፋፍ የሾለ፣ ጉንጫቸው አረንጓዴ ነው። ዓይናቸው ግን አንድ ብቻ ነው።

ሠዓሊው ገብረወልድ ጥፋቱ የገባው ያን ጊዜ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ እያየ ያደገውን እንዴት ረሳው? ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ። ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳና ሰይጣን ናቸው። አዲስ አበባ ተቀምጦ የፈረንጅ የሥዕል መጻሕፍት ሲያገላብጥ ይህ ከልቡ ወጥቶ ኖሯል።

"ሳጥናኤል ከነካባው!" አለ አንዱ ከኋላ፣ ሳቁን በጋቢው እያፈነ።

ፊታውራሪ ሰሙ። ቀስ ብለው ተነሡ።

"አንተ ልጅ፣ እኔ አንድ ዓይና ነኝ?"

"አይደሉም፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ ሌላውን ለማን ሰጠህብኝ?"

"በወዲያኛው በኩል አለ። አይታይም እንጂ አለ።"

"የማይታይ ዓይን ምን ይሠራልኛል? እንግዶቼ ሳይነሡ ዓይኔን መልስ። አለዚያ ዋስ የሚሆንህን ሌላ ሰው ፈልግ።"

ገብረወልድ ሲኒማ መሥራት ሊማር ውጭ አገር ቦታ አግኝቷል፤ ነገር ግን ርስት ያለው ዋስ ካልፈረመለት መውጫ ፈቃድ አይሰጡትም። ነገ አዲስ አበባ ካልደረሰ ቦታው የሌላ ነው። በአሰላ ካሉት ባለርስቶች "እሺ" ያሉት ፊታውራሪ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በዚህ ሥዕል ምትክ ነው።

ሥዕሉን ከከዲሮ ጋር ተሸክመው ከዳሱ ጀርባ ወዳለው ጎተራ ገቡ። ከዲሮ የሳጉሬ ገብስ በካሚዮን የሚያመላልስ አብሮ አደጉ ነው፤ ዛሬም ወደ አዲስ አበባ ሊወስደው መጥቷል።

"ጨምርላቸውና እንሂድ" አለ ከዲሮ። "ዓይን እኮ ነው፤ በሬ አልጠየቁህም!"

"ፊታቸውን ወደዚህ ካዞርኩት ሌላ ሰው ይሆናሉ። መስኮት አጠገብ ቁጭ ብለው ሲያስቡ ያየኋቸው እንዲህ ነው።"

"ሌላ ሰው ይሁኑዋ! ፊቱ የሳቸው፣ አንተ ምን አገባህ?"

"የሣልኩት እኔ ነኛ።"

"ሲኒማውስ?"

ገብረወልድ ነጭ ቀለም በብሩሹ ዛቀና ወደ ሥዕሉ አፍንጫ አስጠጋ። በዚህ ነጭ አንድ ጊዜ ቢጠርገው ፊቱ ይጠፋል፤ በቦታው ሁሉም የሚወደው ፊት ሊሣልበት ይችላል።

ከዳሱ ድምፅ መጣ። በበሩ ሲመለከት ፊታውራሪ ጀርባቸውን ሰጥተው ከእንግዳ ጋር ያወራሉ። ከኋላቸው አንድ አሽከር ጠጅ የሞላ ብርሌ ሹልክ አድርጎ ከጋቢው ሥር ከተተ።

"አውጣና መልስ!" አሉ ፊታውራሪ፣ ሳይዞሩ። አሽከሩ ባለበት ደረቀ።

"ወላሂ፣ የሰውየው ማጅራት ያያል!" አለ ከዲሮ።

ገብረወልድ ብሩሹን ከሥዕሉ አፍንጫ አራቀ። ከዚያ ከጆሮው በታች፣ ማጅራቱ ላይ፣ እንደ ቅዱሳን ዓይን ትልቅ፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ዓይን ሣለ። ብሌኑን ጥቁር አድርጎ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ አስፈጠጠው።

ከዲሮ አፉን ከፈተ።

"አበድክ?"

"ሁለት ዓይን ነው ያሉት። ይኸው ሁለት።"

"እሱስ ሁለት ነው..." ከዲሮ ወደ ዓይኑ ላለማየት ፊቱን ቢያዞርም መልሶ አየው። "የሚያስፈራው ግን ልክ እሳቸውን መምሰሉ ነው። ሞተሩን አስነሥቼ ልጠብቅ?"

"ቆይ። መጀመሪያ በዚያ በኩል ያዝልኝ።"

ከዲሮ እያጉረመረመ መጋረጃውን አነሣና ሥዕሉን ሊያለብሰው ዘረጋው። ገብረወልድ መጋረጃውን ከእጁ ተቀብሎ የጎተራው ገብስ ላይ ጣለው። ከዚያ ሸራውን ከነእርጥብ ቀለሙ፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርገው ወደ ዳሱ ይዘውት ገቡ።