የወርቂቱ ሐር

ሸዋነሽ አሮጌ ሐር አትወድም። አምቦ ገበያ ዳር ሠላሳ ዓመት ልብስ ስትሰፋ ያላማረራት ጨርቅ ቢኖር አቡጀዲ ብቻ ነው። አሮጌ ሐር ግን እንደሚያኮርፍ ሽማግሌ ነው፤ ሲይዙት ይንሸራተታል፣ ትንሽ ሲጎትቱት ይተረተራል።

ስለዚህ ሃዊ የሟች እናቷን የወርቂቱን ቀሚስ ይዛ ስትመጣ እምቢ ማለት ነበረባት። ሃዊ የአምቦ ልጅ ናት፣ እንጭኒ ከተማ ውስጥ ታስተምራለች። እሑድ ታገባለች፣ ማክሰኞ መልሷ ነው። እናቷ ያንን ቀሚስ በየሰው ሰርግ ስትለብሰው ኖራ፣ የገዛ ልጇን ሰርግ ሳታይ ሄደች። ሃዊ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ በመልሷ ቀን የእናቷን ሐር ለብሳ መቆም። ሸዋነሽ ዓይኗ ክር አልለይ እያላት፣ ጉልበቷም እየከዳት፣ እሺ አለች። እሺ ማለት የለመደ አፍ ምን ይደረጋል።

የቀሚሱ ትከሻና ብብት አልቋል። ስፌቱን ሁሉ ፈትታ ደህና ደህናውን ለየች፤ ጀርባውና የታችኛው ዙሪያ እጅጌ ለሌለው ቀሚስ ልክ በልክ ይበቃል። ዓርብ ከሰዓት በጠመኔ ምልክት አድርጋ ልትተኩሰው ስትል፣ ካውያው ገና ሳይግል መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ እቀጥላለሁ ብላ፣ ካውያውን እዚያው ሐሩ ላይ እንዳለ ትታ ወንበሯ ላይ ጋደል አለች። ሦስት ቀን በቅጡ አልተኛችም ነበር። መብራቱ መጣ፤ እሷ አልሰማችም። የቀሰቀሳት የጭሱ ሽታ ነው።

ጀርባው መሃል ላይ የካውያው ቅርጽ ጠቁሮ ቀርቷል። ሸዋነሽ አፈረች። ተናደደችም፤ በመብራቱ፣ በእርጅናዋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሺ ባለው አፏ።

ጨርቅ ነጋዴው ጉደታ ሱቅ ሄዳ ቀለሙ የሚመሳሰል አዲስ ጨርቅ አገኘች። ጉደታ፣ አሳምረሽ ከሰፋሽው ወርቂቱ ራሷ ብትነሳ አትለየውም አላት። ገዛችው፣ ቆረጠችው፣ ሰፋችው። ቅዳሜ ጠዋት ሃዊ ልትለካ ስትመጣ ቀሚሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ጠበቃት።

ሃዊ ለበሰችው። ልክ ሆናት። መስታወት ፊት ቆማ ጨርቁን ደረቷ ላይ በመዳፏ ስትደባብሰው ዓይኗ እንባ ሞላ። ሸዋነሽ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ደክሟታል፣ መናገር ደግሞ ሌላ ድካም ነው። ግን ልጅቷ ጨርቁን እየዳሰሰች ቀስ ብላ «አዮ» አለች፤ እናቴ ማለቷ ነው። ይሄንን ሸዋነሽ አልቻለችውም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ የእናትሽ አይደለም» አለቻት። «የእናትሽን አቃጠልኩት። እንቅልፍ ጥሎኝ ነው።»

የተቃጠለውን ከመሳቢያ አውጥታ ዘረጋችላት። ሃዊ ብዙ አየችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ለሸዋነሽ ይቀላት ነበር። በመጨረሻ የተረፈ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች። የድሮው ቀሚስ እጅጌዎችና የታችኛው ዙሪያ ደህና ናቸው፣ ቢገጣጠሙ መቀነት ይወጣቸዋል አለቻት ሸዋነሽ።

ሃዊ ዓይኗን ጠረገች። ከመስታወቱ ዞር ብላ ሁለት ክንዶቿን ከጎኗ አንስታ ቆመች።

«ይቅር አላልኩዎትም፣ አዴ ሸዋነሽ» አለች። «ወገቤን ይለኩኝ።»