ሃል ላይ ያለችው ነጥብ

“አልተፋም አልኩ እኮ!”

ክሊፎርድ ኤለርክላፍ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ፣ በአዳራሹ ውስጥ የሻይ ስኒ ይዘው የቆሙት ሰዎች ሁሉ ዞር አሉ። ሩት ትንሿን የፕላስቲክ ብልቃጥ እንደዘረጋች ቀረች።

“ትንሽ ምራቅ እኮ ነው አቶ ክሊፎርድ፤ አይጎዳዎትም።”

“እንደማይጎዳኝማ አውቃለሁ። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ስተፋ ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን አልተፋም።”

አንዳንዶች ሳቁ። አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው ቤቨርሊ ግን ፊቷ ቀላ። ቤቨርሊ ሃል ከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት። ለዛሬ ብላ የቅዳሜ ተራዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ፣ አባቷን በትንሿ መኪናዋ ጭና፣ አገሩን ከምሥራቁ ባሕር ዳር እስከዚህ ኮረብታ ድረስ በዝናብ አቋርጣ ነው የመጣችው። አባቷም ቢሆኑ ጥሪው ከደረሳቸው ጀምሮ ሲሰናዱ ነው የሰነበቱት። ጫማቸውን ደጋግመው ወልውለዋል፤ ከባለቤታቸው ቀብር ወዲህ ያልለበሱትን ሙሉ ልብስ አስተኩሰዋል። ታዲያ አሁን ምን ነካቸው?

ወደ ሃርዴል መንደር የጠራቻቸው ሩት ናት። ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ አስተማሪ ስትሆን፣ እሷም ኤለርክላፍ ናት። ይህ ስም በእንግሊዝ ምድር ብርቅ ነው። ስሚዝ የሚባል ሰው በየመንገዱ ይገኛል፤ ኤለርክላፍ የሚባል ሰው ግን ከቤተሰቡ ውጭ ሌላ ኤለርክላፍ ሳያይ ሊሞት ይችላል። ባንክ ቤት ሄዶ ስሙን ሲናገር “ምን አሉኝ?” ይባላል። ሩት ጡረታ ከወጣች ጀምሮ ሥራዬ ብላ ይህን ስም ስትከተል ኖራለች። ዛሬ ያገኘቻቸውን ሁሉ ስሙ ወደተወለደበት አገር ሰበሰበቻቸው።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ሰቅላለች። ስሙን የያዘ ሰው በኖረበት ሁሉ ቀይ ነጥብ አለ። ነጥቦቹ በሃርዴል ዙሪያ እንደፈሰሰ ምስር ተከማችተዋል።

“መነሻው ከዚህ በላይ ያለ አንድ እርሻ ነው” ስትል ጠዋት አስረድታቸው ነበር። “ኤለር በጥንቱ የአካባቢው አነጋገር ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ክላፍ ደግሞ ጠባብ ሸለቆ። እዚያ ይኖር የነበረ ሰው የቦታውን ስም ወሰደ፤ ልጆቹም ይዘውት ቀሩ። የጥጥ ፋብሪካ ሲከፈት ከፊሎቹ ወደ ኦልደም ወረዱ። ከዚያ የራቀ የለም ማለት ይቻላል። ይህችን ግን እዩልኝ!” ጣቷ ካርታውን አቋርጦ ባሕሩ ዳር ደረሰ። እዚያ ብቻዋን የቆመች አንዲት ነጥብ አለች። “ሃል! በመሃል አንድም የለም። እንቅልፍ የነሳችኝ ይህች ናት። የሱፍ ነጋዴ ይሆን የወሰደው? መርከበኛ ይሆን?”

ነጥቧ ክሊፎርድና ቤቨርሊ ነበሩ።

ምራቁ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ስም ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ሁሉ፣ በወንዶች ሰውነት ውስጥም ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ምልክት አለ። የሃሉ ሽማግሌ ምራቅ ከኮረብታው ሰዎች ጋር ከተመሳሰለ የሩት እንቆቅልሽ ግማሹ ይፈታል።

“ምን አስፈራዎት አባባ?” አለ ዴሪክ የተባለው የኦልደም ሥጋ ሻጭ፣ አፉን በሳንድዊች ሞልቶ። “እውነተኛው አያትዎ የሰፈሩ ወተት አመላላሽ ሆኖ እንዳይገኝ ነው?”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ክሊፎርድ አልሳቁም። ስኒያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ኮፍያቸውን አነሱና በጓሮ በር ወጡ።

ቤቨርሊ የደረሰችባቸው ከአዳራሹ ጀርባ፣ አሮጌው የከሰል ቤት ክዳን ሥር ቆመው ነው። ካፊያው አላቆመም።

“አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው? ሰው ፊት እኮ አሳፈርከኝ።”

“መኪናሽን አስነሺና እንሂድ።”

“ምሳ ሳንበላ? ሊያከብሩህ እኮ ነው። ከሁሉም በዕድሜ ትልቁ ኤለርክላፍ አንተ ነህ። ንግግር ያደርጋል ብላለች ሩት።”

“ጣጣው እሱ ነው። አይደለሁም።”

“ማን ይበልጥሃል?”

“ትልቁ አይደለሁም አላልኩሽም። ኤለርክላፍ አይደለሁም ነው የምልሽ።”

ቤቨርሊ ቀልድ መሰላት። የአባቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

“የተወለድኩት ግራይስ ተብዬ ነው” አሉ ክሊፎርድ፣ ዓይናቸውን ከእርጥቡ ድንጋይ ላይ ሳያነሱ። “አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ባሕር በላው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እናቴ ጨቅላዋን እህቴን ይዛ ሃል ቀረች፤ እኔን ቦምብ እንዳያገኘኝ ብላ ከሌሎች ልጆች ጋር በባቡር ወደዚህ ላከችኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሰለፉን። የመንደሩ ሰው እየገባ ‘ይህችን እኔ፣ ያንን እኔ’ እያለ ወሰደ። እኔ ሱሪዬ ላይ ሸንቻለሁ፤ ማን ይውሰደኝ? ሁሉም ሄደው ብቻዬን ቀረሁ። በኋላ አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ መጣ። በሩን ሊቆልፍ።”

“አያቴ ኸርበርት?”

“ኸርበርት። አዳራሹን የሚከፍት የሚዘጋው እሱ ነበር፤ ኮረብታው ላይ ደግሞ ጥቂት በጎች ያረባል። ልጅ ሊወስድ አልመጣም። አየኝና ‘አንተስ ለምን ቀረህ?’ አለኝ። ‘አላውቅም’ አልኩት። ኮቱን አውልቆ ጠቀለለኝ፤ ተሸክሞኝ ወጣ። ቤት ስንደርስ ሚስቱ ኢዲት ‘በሩን ቆልፈህ ና አልኩህ እንጂ ልጅ ይዘህ ና አልኩህ?’ አለችው። እየተቆጣች ግን ውሃ ታሞቅልኝ ነበር።”

የቀረውን ቤቨርሊ ራሷ መገመት አላቃታትም። ሃል ያደገ ሰው በጦርነቱ ጊዜ በአንድ ግንቦት ከተማው ላይ የወረደውን የቦምብ እሳት ሲወራ ሰምቶ ነው ያደገው።

“እናቴም እህቴም ባንድ ላይ አለቁ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሌሎቹ ልጆች ወደየቤታቸው ተመለሱ። እኔን የሚጠራኝ አልነበረም። አንድ ቀን ከኸርበርት ጋር የድንጋይ አጥር ስንጠግን፣ ‘ስማችንን ብትይዝልን ቅር ይልሃል?’ አለኝ። ልክ እንደ ትልቅ ሰው ነው የጠየቀኝ። ‘የድሮውንስ ልመልሰው?’ አልኩት። ‘ለማን ትመልሰዋለህ? እሱም ያንተው ነው፤ በውስጥ ኪስህ ያዘው’ አለኝ።”

“ይህን ሁሉ ዘመን!” አለች ቤቨርሊ። “አንድ ቀን እንኳ አትነግረኝም? እማዬስ ታውቅ ነበር?”

“ታውቃለች። እንዳትናገሪ ብያት ነው።”

“ለምን?”

“ልጅ ሆኜ፣ ከተናገርኩ መልሰው የሚወስዱብኝ ይመስለኝ ነበር። ሳድግ ደግሞ የናቴን ቤት ስም ጥዬ የሄድኩ ከሃዲ መስዬ ይታየኝ ጀመር። ዝም ማለት ቀለለኝ፤ ኋላ ዝምታው ራሱ ከበደኝ። ለሩትም ከሃል ነን ከማለት በቀር የነገርኳት የለም። ዛሬ የመጣሁት አዳራሹን አንዴ ላየው ብዬ ነው። ምራቅ እንደሚጠይቁ መች አወቅኩ? ያቺ ደግ ሴት ይህን ያህል ለፍታ እኔ ልዋሻት? ወይስ በሰው ድግስ ተነስቼ ሐሰተኛ ነኝ ልበል? እንሂድ ልጄ።”

ቤቨርሊ ግራይስ የሚለውን ስም በልቧ ደጋገመችው። የማታውቀው ሰው ስም ሆነባት። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ግን በረጠበ ሱሪ ጥግ ይዞ የቆመው ልጅ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። የመኪናዋን ቁልፍ አወጣችና የአባቷን ክንድ ያዘች።

ወደ አጥሩ በር ሲያቀኑ ታክሲ ቆመ። እንደ ቀስት የጎበጡ አሮጊት በከዘራ ተደግፈው ወረዱ። ኖራ ይባላሉ፤ የኸርበርት የወንድሙ ልጅ ናቸው።

“ያ ሰውዬ ማነው?” አሉ ዓይናቸውን አጥብበው። “አካሄዱን አውቀዋለሁ። ክሊፍ ነህ እንዴ? ኢዲት ስትታመም አንተ እኛ ቤት ስታድር አልጋዬ ላይ የሸናኸው ክሊፍ?”

“አንድ ጊዜ ነው” አሉ ክሊፎርድ ሳያስቡት።

“ምን አንድ ጊዜ! ፍራሹን ያሰጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ጠይቀኝ።” ኖራ በአንድ እጃቸው የክሊፎርድን አንገት አቅፈው ሳሟቸው። “ወዴት ነው ታዲያ? እኔ ሳልደርስ ምሳው አለቀ?”

የመለሰችው ቤቨርሊ ናት። “ሊሄድ ነው። ደሜ የነሱ አይደለም፣ ስማቸውን በሐሰት ነው የያዝኩት እያለ ነው።”

ኖራ ከዘራቸውን ከመሬት አጋጩት።

“በሐሰት? ስማኝ ክሊፍ። አጎቴ የስምህን ጉዳይ ከዳኛው ዘንድ ጨርሶ የተመለሰ ቀን በቀጥታ እኛ ቤት ነው የገባው። አባቴ እኛን ሴቶቹን ብቻ ወልዷል፤ ኸርበርት ጨርሶ አልወለደም። አባቴ ስሙ ከዚህ ኮረብታ ሊጠፋ ነው እያለ ሲብሰለሰል ነበር። ‘እና ስማችንን ወስደህ ለባዕድ ልጅ ሰጠኸው?’ አለው ተቆጥቶ። አጎቴ ምን አለው መሰለህ? ‘እኔ አልሰጠሁትም፤ ተሸከምልኝ ብዬ ለምኜው እሺ አለኝ’ አለ። ከዚያ አለቀሰ። ኸርበርት ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ደስ ብሎት። አንተን እንዳመሰገነ ነው የሞተው። አሁን ሐሰተኛ ነኝ ብለህ ልትሄድ?”

ውሃው ከክሊፎርድ ኮፍያ ጫፍ ይንጠባጠባል።

“እኔን አመሰገነ?”

“አንተን ነው እንጂ ታዲያ ማንን?”

ክሊፎርድ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉና ክንዳቸውን ለኖራ ዘረጉ። “ነይ እንግባ። ይበርድሻል።”

ውስጥ ምሳው ቀርቧል፤ ሳንድዊቹ፣ በሆምጣጤ የተቀመጠው ቀይ ሥር፣ የዝንጅብሉ ኬክ። ሩት ሽማግሌውን ስታይ ብልቃጡን ወደ ኪሷ ከተተች። ዳግመኛ ልታስጨንቃቸው አልፈለገችም።

“ሩት፣ ንግግር አድርግ ብለሽኝ ነበር” አሉ ክሊፎርድ። “አሁን ላድርግ። ካቆየሁት ወኔዬ ይከዳኛል።”

ሳይሸፋፍኑ ሁሉንም ነገሯቸው። ግራይስ ተብለው መወለዳቸውን፣ ባቡሩን፣ የረጠበውን ሱሪ፣ በሩን ሊቆልፍ የመጣውን ሰው።

“ብቻዬን የቆምኩት እዚያ ጋ ነው” አሉ ማሞቂያው አጠገብ ያለውን ጥግ እያሳዩ። “ኸርበርትንና ኢዲትን አንድም ቀን በአፌ አመሰግናለሁ አላልኳቸውም። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይባልም ነበር፤ ሻይ ይቀዳል እንጂ። አሁን እነሱ የሉም። እናንተ ግን ስማቸውን ይዛችኋልና ስለነሱ ተቀበሉልኝ። አመሰግናለሁ።”

ሩት ወንበር ስባ ተቀመጠች። “ግን ለምን ወደ ሃል ተመለሱ?” አለች ቀስ ብላ።

“የናቴን ሰፈር ፍለጋ ነዋ። ስደርስ ሰፈሩ የለም። ጂን የምትባል አንዲት ልጅ ግን እዚያ ቦታ ላይ ዓሣና ድንች ትጠብስ ነበር።” ወደ ልጇ ወደ ቤቨርሊ አዩ። “በዚያው ቀረሁ።”

ሩት ካርታውን አየች፤ ክሊፎርድን አየች፤ ከዚያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

“እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት የሱፍ ጋሪ ስከተል ነበር!”

“ነጥቧን አንሺያት። አልቀየምም።”

“እኔ? አላደርገውም! እኔ የማጠናው ስሙ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሄደ አይደል እንዴ? ከዚህ ሁሉ ነጥብ መንገዱን ከነድንጋዩ የማውቀው የርስዎን ብቻ ነው።”

ዴሪክ እስከ ጆሮው ቀልቶ፣ ራሱ የጋገረውን የሥጋ ፓይ ትልቁን ቁራጭ በሳህን ይዞ መጣ።

“አባባ ክሊፎርድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አፌ ካሳቤ ይቀድማል።”

“ግድ የለም ልጄ። አንተም ብዙ አልሳትክም። ያመጣኝ ወተት አመላላሹ ሳይሆን ቁልፍ ያዡ ነው።”

በዚህኛው ሳቅ ክሊፎርድም ነበሩበት።

ካፊያው ሲያባራ ሩት ሁሉንም የአዳራሹ ደጃፍ ደረጃ ላይ ለፎቶ አሰለፈቻቸው። ቤቨርሊ የሩትን ስልክ ተቀብላ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ማንም አላዘዛትም፤ በየድግሱ ፎቶ አንሺዋ እሷ ናት። ደግሞም በመታወቂያዋ ላይ ኤለርክላፍ አይደለችም። ስታገባ የባሏን ስም ወስዳ፣ ከተፋቱ በኋላ ማስቀየሩ ሰልችቷት እንደያዘችው ቀርታለች።

አባቷን በስልኩ ውስጥ አየቻቸው። በኖራና በዴሪክ መሃል ተቀምጠዋል። የኮረብታው ሰዎች ረጃጅም ፊትና ሹል አገጭ አላቸው፤ የአባቷ ፊት እንደ ዳቦ ክብ ነው። ከተደረደረው ሁሉ ማንንም አይመስሉም። ዴሪክ እጁን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጎ የሆነ ነገር ሲነግራቸው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ይስቃሉ።

“አንሺና እንገላገል እንጂ!” ብለው ጮኹ ኖራ።

ቤቨርሊ አላነሳችም። በመንገዱ ውሻውን ይዞ የሚያልፈውን ጎልማሳ ጠራችው።

“ይቅርታ ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ታነሳናለህ?”

ሰውየው ስልኩን ተቀብሎ ወደ ደረጃው አየ። “ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ቤተሰብ ነው?”

“አዎ” አለችው ቤቨርሊ። ደረጃውን ወጥታ ከአባቷ ጀርባ ልትቆም ስትል፣ ሩት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።