እናቷ ከውጭ ያላየቻት አውሮፕላን

1. ክንፍ

ተሰበረ።

አናጺው ጋሽ ኩምሳ ለቁምሳጥን በር ያስቀመጠውን ምርጥ የዋንዛ ሳንቃ፣ ምንታምር መጋዙን ጠምዝዛ ለሁለት ገመሰችው። የጋሽ ኩምሳን አመል ለማታውቁ፦ ሰውየው ሚስማር ላጎበጠ ሰው እንኳ ዘር ማንዘሩን ቆጥሮ የሚሳደብ ነው። ምንታምር ትከሻዋን ሰብስባ ስድቧን ጠበቀች።

«ምንም አይደል ልጄ» አላት።

ልጄ።

(ቃሏን አስምሩባት። የኔ እስክሪብቶ ሊያልቅ ነው።)

2. ልኬት

ከመሃል የጀመርኩት ደስ ስላለኝ ነው፤ አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ቱም ከተማ ክረምት ሲገባ መንገዱን ጭቃ ይውጠዋል። የጠናበት በሽተኛ የሚወጣው ሳሩ ሜዳ ላይ በምታርፈው ትንሽ አውሮፕላን ነው። የምንታምር እናት የሺመቤትም በቃሬዛ፣ እስከ አፍንጫዋ ብርድ ልብስ ለብሳ ገባች። አባቷ አብሮ ሄደ። ምንታምር ከአክስቷ ከአልጋነሽ ጋር ቀረች።

እናቷ ከአዲስ አበባ ስትደውል እየሳቀች ነበር። «ተሳፈርኩባት እንጂ መልኳን እኮ አላየሁም፤ ጣሪያዋን ብቻ ነው ያየሁት። ለመሆኑ ምን ትመስላለች?»

ምንታምር ልትነግራት ሞክራ አቃታት። «ስትመጪ ሠርቼ አሳይሻለሁ» አለች።

አውሮፕላኗ ደግማ ስታርፍ፣ አብራሪው ሻይ እስኪጠጣ ምንታምር ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በእርምጃ ለካቻት። የሜዳው ዘበኛ ሲያባርራት ክንፉን እየሮጠች ለካች፤ ስለዚህ ክንፉ ትንሽ ሳያጥር አይቀርም። ሜዳው ላይ አንድ እርምጃ፣ እንጨቱ ላይ አንድ ጣት።

3. የሚያስፈልጉ ነገሮች

ዋንዛ፤ ቀላል ነው፣ ለመላጊያም ይታዘዛል።
ኮላ።
ብርጭቆ ወረቀት።
ለመስኮት፣ የላስቲክ ጠርሙስ።
ለጎማ፣ ከአክስት ካፖርት ላይ የተነቀሉ ቁልፎች። (ሳያስፈቅዱ።)

የምታይ እናት።

4. ክንፍ፣ እንደገና

ሁለተኛውንም ክንፍ አበላሸችው። ጋሽ ኩምሳ ሌላ ሳንቃ ሰጣት።

አባቷ ሲደውል እናቴን አቅርብልኝ ትለዋለች። ተኝታለች ይላታል። ጠዋትም ተኝታለች፣ ማታም ተኝታለች።

ከዚያ ከተማው በሙሉ ደግ ሆነ። ፓስቲ ሻጯ ምርቃት ትጨምርላት ጀመር። የሒሳብ መምህሩ የቤት ሥራ ሳትሠራ ስትመጣ ዝም አሏት። ዘወትር ፀጉሯን የምትጎትታት ጠላቷ ሔርሜላ፣ ለሚኒስትሪ ፈተና ይሁንሽ ብላ አዲስ እስክሪብቶ ሰጠቻት።

ምንታምር ደግነቱን አልወደደችም።

5. ሙከራ

ምንታምር፦ ጋሽ ኩምሳ፣ ቁምሳጥንህ እኮ እንደ ሰካራም አዘምሟል።

ጋሽ ኩምሳ፦ ልክ ነሽ።

ምንታምር፦ ዓይንህ ደክሟል። ሙያውን ብትተወው ይሻላል።

ጋሽ ኩምሳ፦ ልክ ነሽ።

ምንታምር፦ ስደበኝ።

ጋሽ ኩምሳ፦ (መላጊያውን ያገላብጣል።)

ምንታምር፦ ጋሽ ኩምሳ፣ በእናትህ ስደበኝ።

ጋሽ ኩምሳ፦ መጀመሪያ ፈተናሽን ጨርሺ።

6.

አወቀች።

መርዶ እንደ ወሬ በመንገድ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው፣ ቤት ድረስ መጥተው ነው የሚያረዱት። ተፈታኝ ከሆንክ ደግሞ ፈተናህን እስክትጨርስ አገሩ ሁሉ አፉን ይዘጋል። አምና የክፍሏ ልጅ የመርዕድ አባት ሲሞት፣ ዝም ካሉት አንዷ ምንታምር ነበረች። ያኔ እሷም እስክሪብቶ ሰጥታዋለች።

7. ክንፍ፣ አሁንም

ከዚህ በኋላ ክንፉን እያወቀች አበላሸችው። ኮላው ሳይደርቅ ትነቅለዋለች። አንዴ አጠረ፣ አንዴ ረዘመ ትላለች። በእሷ ሐሳብ፣ አውሮፕላኗ ካላለቀች ማንም በሩን አያንኳኳም፤ ማንም ካላንኳኳ እናቷ አዲስ አበባ ተኝታለች።

ጋሽ ኩምሳ ገብቶታል። ሳንቃ ማቀበሉን ግን አላቆመም። ፈተናው ሲያልቅ ሽማግሌዎቹን ለምኖ፣ የልጅቷ ሥራ አላለቀም፣ ትንሽ እንታገስ አላቸው።

ታገሱ።

8. ጓሮ

አንድ ቀን ከሰዓት ምንታምር ሰጋቱራዋን እያራገፈች በጓሮ በኩል ገባች። አክስቷ አልጋነሽ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ተንበርክካለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትንቀጠቀጣለች። ድምፅ የለም። አክስቷ ስታያት ነጠላውን አውጥታ ጥርሷን አሟት እንደሆነ ነገረቻት፤ ተነሥታም ምሳ አቀረበችላት።

የሺመቤት የአልጋነሽ እህት ናት። አንድ ጡት የጠቡ። አልጋነሽ ለእህቷ እስካሁን እዬዬ ብላ አላለቀሰችም፤ ልጅቷ እንዳትሰማ።

ምንታምር ዝምታው የራሷ ብቻ ይመስላት ነበር። ምሳውን ትታ ወደ ጋሽ ኩምሳ ተመለሰች።

9. ክንፍ

ለካች። ቆረጠች። ቀባች። ገጠመች። ኮላው እስኪይዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች።

ጋሽ ኩምሳ «ይዟል፣ ልቀቂው» አላት። አልለቀቀችም። ደግሞ ነገራት። እንባዋ በአገጯ እየወረደ ክንፉ ላይ ይንጠባጠባል፤ እጇ ግን ንቅንቅ አላለም።

«አንቺ ቀበጥ» አላት በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰባብሮ። «አንቺ እልኸኛ፣ የሰይጣን ቁራጭ፣ ልቀቂው አልኩሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ለቀቀችው።

10. ጎህ ሳይቀድ

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አሉ። ምንታምር በመስኮት አየቻቸው። አውሮፕላኗን ታቅፋ አክስቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ እነሱ ሳይደርሱ እኔ ልንገርሽ» አለች።

አልጋነሽ ቀና ብላ መጀመሪያ ልጅቷን፣ ቀጥሎ አውሮፕላኗን አየች። ጎማዎቹ የራሷ ካፖርት ቁልፎች ናቸው። አልተቆጣችም። ሌሊቱን አፏ ላይ የያዘችውን ነጠላ አራቀች።

ምንታምር አፏን ከፈተች።

ቀጥሎ ያለችውን ስጽፍ ስሰርዝ ከረምኩ። አልቻልኩም። ቦታውን ትቼላችኋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ በሩ ጋ ሊደርሱ ነውና ቶሎ በሉ።

11.

«