በምላስ የተደገፈ ጥርስ

ሐኪሟ በመስታወቱ እጀታ ነካ ስታደርገው ጥርሱ ተነቃነቀ። ጫን ስትለው ከድዱ ሥር መግል ወጣ። ወንበሩ ላይ የተጋደመው አባቷ ነው፤ ጥርሱንም የተከለችለት ራሷ ናት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የላላው፣ አባዬ?»

«ምኑ?» አለ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው፤ ውሸት ግን አይሆንለትም። ራጁም ሁሉንም አውጥቶታል። አጥንቱ ውስጥ በተቀበረው ብሎንና ከላይ በተገጠመው ጥርስ መሃል ፀጉር እንኳ የማታሳልፍ ክፍተት አለች። ለጀርም ግን በቂ በር ነበረች፤ በእሷ የገባው አጥንቱን ከሥሩ በልቶታል።

እያባበለች እውነቱን አውጣጣችው። መላላቱን ካወቀ ቆይቷል። በዚያ ወገን ማኘክ ትቶ፣ ሲያወራም በምላሱ ደገፍ እያደረገ ከርሟል። «ልጄ የተከለችው ጥርስ ድንጋይ ይሰብራል» እያለ ግማሹን ሰፈር ወደ ክሊኒኳ የላከው እሱ ነው።

«ታዲያ በምን አፌ ላላ ልበል? ስምሽን ላጥፋ?»

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ያኔውኑ ቢመጣ አንዴ ማጥበቅ ይበቃው ነበር። ይህን ልትነግረው አፏን ከፈተችና ዋጥ አደረገችው። ጥርሱን የገጠመችበት ቀን ትዝ አላት። ብሎን የሚያጠብቀው መፍቻ ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል። ሌላው ታካሚ ፊቱን ቢያጨማድድ «ትንሽ ቻል» ብላ ትጨርሳለች። አባቷ ዓይኑን ጨምድዶ ሲጨፍን ግን አንጀቷ አልችል አለ።

«ቀጭ ሳይል ነው የተውኩት» አለችው። «ያመመህ መስሎኝ።»

እርስ በርስ ሲሳሱ አጥንቱ አለቀ። አሁን ብሎኑ መውጣት አለበት፤ በቀረው አጥንት ላይ ደግሞ ሌላ አይተከልም። ይህንንም ነገረችው፤ እንባዋን ግን መያዝ አልቻለችም። ጓንቷን አውልቃ፣ ብሎኑን እንዲያወጣላት ለሥራ ባልደረባዋ ልትደውል ስልኳን አነሳች።

«ለማንም አልከፍትም» አለ አባቷ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ።

«ማደንዘዣ ብወጋህም ሊያምህ ይችላል።»

«ይመመኝ። አንቺ ብቻ እንዳታቆሚ።»

ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና አዲስ ጓንት አጠለቀች። ማደንዘዣውን ወግታ መፍቻውን ስታስገባ አባቷ እንደዚያን ቀኑ ዓይኑን ጨምድዶ ጨፈነ።

«ትንሽ ቻል፣ አባዬ» አለችው።